በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና በሁለት ጎማ መመዘኛ ላይ ስለ መመዘን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአውቶ መካኒክ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን እያንዳንዱ ክፍል ከትምህርቱ ፍሬ ጥቂት እንዲያሰማ በተጠየቀ ጊዜ፣ እኛ የአውቶ መካኒክ ተማሪዎች የመረጥነው ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት የጋራዥ ሰው ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ጉዳዩ የሚዛን ጉዳይ ነው፤ ሚዛን ደግሞ ገበያ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ይመለከታል። ነጋዴ ሚዛኑን ቢያዛባ ገዢው ገንዘቡን ያጣል። የመኪና ጕልበት የሚመዘንበትም መሣሪያ ባልተገባ መንገድ የተሠራበት እንደ ሆነ፣ አንዱ ባለ መኪና ጤነኛውን ሞተር ታሟል ተብሎ ያስፈታል፤ ሌላው ደግሞ የደከመውን ሞተር ብርቱ ነው ተብሎ ይገዛል። ከዚህም የሚከፋ አለ፤ መኪናው ከመመዘኛው ላይ ዘሎ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በአራቱም ጎማዎች የሚነዳ መኪና ለሁለት ጎማ ብቻ በተሠራ መመዘኛ ላይ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ የተገኘውም ቍጥር እንዴት መነበብ እንደሚገባው በአጭሩ እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ሞተር ሲወራ «የፈረስ ጕልበት» የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም። ይህን መለኪያ ያስለመደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት ነው፤ የእንፋሎት ሞተሩ የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚሠራ ለገዢዎቹ ለማስረዳት ፈልጎ ነበር። ዛሬ በሜትር አቈጣጠር አንድ የፈረስ ጕልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ የሚያነሣ ጕልበት ነው፤ ይኸውም ወደ 735.5 ዋት ይሆናል። በ1821 ፈረንሳዊው ጋስፓር ደ ፕሮኒ የሚዞረውን ዘንግ በእንጨት ፍሬን ጨምቆ፣ ፍሬኑ የሚስበውን ክብደት በመመዘን የሞተርን ጕልበት ለማወቅ የሚያስችል መሣሪያ ሠራ። በ1877 ደግሞ እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ በእንጨቱ ፈንታ ውሃ የሚቋቋመውን መሣሪያ ንድፍ አቀረበ። እነዚህ መሣሪያዎች ዲናሞሜትር ይባላሉ፤ ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «ዲናሚስ» ኀይል፣ «ሜትሮን» መለኪያ ማለት ነው። በዛሬ ጊዜ የመኪና ሰዎች ቃሉን አሳጥረው «ዳይኖ» ይሉታል።

ሞተሩን ከመኪናው ሳያወጡ ለመመዘን የሚያገለግለው ዳይኖ ከወለሉ በታች የተቀበሩ ከባድ የብረት ከበሮዎች አሉት። መኪናው የሚነዱትን ጎማዎች በከበሮዎቹ ላይ አሳርፎ ይቆማል፤ ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው ከበሮውን ያዞራል፤ መኪናው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። አንደኛው ዓይነት ዳይኖ የከበሮውን ክብደት ብቻ ይጠቀማል፤ ከበሮው ምን ያህል ቶሎ እንደ ፈጠነ ተመልክቶ ጕልበቱን ያሰላል። ለምሳሌ በከበሮው ውስጥ የተከማቸው የመዞር ጉልበት በአንድ ሴኮንድ በ100 ኪሎ ጁል ከጨመረ፣ ጎማው በዚያ ሴኮንድ በአማካይ 100 ኪሎዋት ሰጥቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ዓይነት በኤሌክትሪክ ማግኔት ወይም በውሃ ከበሮውን እየያዘ፣ ለመያዝ ያስፈለገውን ኀይል ይመዝናል። የመዞር ኀይሉ በኒውተን ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ዙር የታወቀ እንደ ሆነ፣ ሁለቱን አባዝቶ ለ9549 ማካፈል ጕልበቱን በኪሎዋት ይሰጣል። በ4000 ዙር 200 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር 84 ኪሎዋት ገደማ፣ ይኸውም ወደ 114 የፈረስ ጕልበት አለው።

እንግዲህ ችግሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ለአራት ጎማ የተሠራው ዳይኖ ከፊትም ከኋላም ከበሮ ያለው ሲሆን፣ ሁለቱ ወገኖች በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ መደረግ አለበት፤ ስለዚህ ዋጋው ውድ ነው፤ ቦታውም ሰፊ ነው። ብዙ ጋራዦች ያላቸው የሁለት ጎማ ዳይኖ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳውን መኪና እንዲሁ እንዳለ አምጥቶ ሁለቱን ጎማ በከበሮ፣ ሁለቱን በመሬት ላይ አድርጎ ነዳጅ መስጠት ግን ከቶ አይቻልም። በመሬት ላይ ያሉት ጎማዎች መሬቱን ይዘው መኪናውን ወደ ፊት ይገፉታል፤ ገመዱም ቢበጠስ ከፊቱ የቆመውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ገመዱ ባይበጠስ ደግሞ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ማርሽ ወይም ዲፈረንሻሉ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መኪናው ለጊዜው በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ እንዲሆን መለወጥ አለበት።

ለውጡ እንዴት እንደሚደረግ የሚወስነው የመኪናው ዓይነት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ መፍቻ ከማንሣት በፊት የመኪናውን የመመሪያ መጽሐፍ ማንበብ ይቀድማል። እኛ መኪናዎቹን በሦስት ወገን ከፍለን እንመለከታቸዋለን።

የመጀመሪያው ወገን ነጂው ሲፈልግ ብቻ በአራት ጎማ የሚነዳ ነው። በአገራችን የገጠር መንገድ ላይ የምናየው ባለ 70 ሲሪዝ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር አብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። በደረቅ መንገድ የሚነዱት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው፤ ጭቃ ሲመጣ ነጂው የፊቱን ይጨምራል። ለዚህ መኪና ምንም መፍታት አያስፈልግም፤ ማርሹ በሁለት ጎማ ላይ መሆኑንና የፊት ጎማዎቹ መያዣ መከፈቱን ማረጋገጥ ይበቃል።

ሁለተኛው ወገን ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚነዳና ማዕከላዊ ዲፈረንሻል ያለው ነው። ዲፈረንሻል ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ጥቂት እናብራራ። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ የማርሽ ሥራ በመካከላቸው ይገባል፤ ይህ ዲፈረንሻል ይባላል። የፊቱና የኋላውም ጎማዎች እንዲሁ በመታጠፊያ ላይ የማይተካከል መንገድ ስለሚሄዱ፣ ሁልጊዜ በአራት የሚነዳው መኪና በፊትና በኋላ መካከል አንድ ሌላ ዲፈረንሻል ይኖረዋል። የዲፈረንሻል ጠባዩ ግን ይህ ነው፤ ለሁለቱ ወገን የሚሰጠው የመዞር ኀይል በተወሰነ መጠን የተያያዘ ስለ ሆነ፣ አንዱ ወገን የሚቋቋመው ነገር ካጣ ሌላውም ኀይል ያጣል። ውሃ ክፍት ቦይ ካገኘ ወደ ተዘጋው እንደማይሄድ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅሙን ዘንግ ፈትቶ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ሞተሩ የወጣውን ዘንግ ቦታ ባዶውን ያዞራል፤ የፊት ጎማዎች ግን ዝም ብለው ይቆማሉ።

መድኀኒቱ ማዕከላዊውን ዲፈረንሻል መቈለፍ ነው። እስከ 2016 ይሠራ የነበረው የቀድሞው ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ነጂው በእጁ የሚቈልፈው ማዕከላዊ ዲፈረንሻል አለው። በዚህ መኪና ላይ የፊቱን ዘንግ ፈትቶ፣ ዲፈረንሻሉን ቈልፎ፣ የኋላ ጎማዎችን በከበሮ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። ስለዚህ የኋላው ዘንግ የወጣ እንደ ሆነ የእጅ ፍሬን የለም ማለት ነው፤ ጎማውን በሽብልቅ ሳያስደግፉ ከመኪናው ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው። በ1980 የወጣውም የመጀመሪያው አውዲ ኳትሮ በነጂው የሚቈለፍ ማዕከላዊ ዲፈረንሻል ነበረው።

ነጂው የሚቈልፈው በሌለበት መኪና ግን ሥራው ይከብዳል። በ1992 የወጣው ሚትሱቢሺ ላንሰር ኤቮሉሽን በማዕከላዊው ዲፈረንሻል ላይ ቪስኮስ የሚባል መያዣ ነበረው። ይህ መያዣ በወፍራም የሲሊኮን ዘይት ውስጥ የተደረደሩ ስስ የብረት ሳሕኖች ናቸው፤ የፊቱና የኋላው ፍጥነት ሲለያይ ዘይቱ ሳሕኖቹን እርስ በርሳቸው ይይዛቸዋል። አንዱ ዘንግ ወጥቶ ሞተሩ በሙሉ ጕልበት ሲሠራ፣ ጠቅላላው ኀይል በዚያ ዘይት በኩል ለማለፍ ይታገላል፤ ዘይቱ ይግላል፤ መያዣውም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ባለው መኪና ላይ ጥንቁቆቹ ሰዎች ማዕከላዊውን ዲፈረንሻል አውጥተው፣ ሁለቱን ወገን አንድ አድርጎ የሚያስር የብረት ቍራጭ በቦታው ያስገባሉ። ከምዘናው በኋላ ቍራጩ ወጥቶ የቀድሞው መመለስ አለበት። የተቈለፈ ማዕከላዊ ዲፈረንሻል ያለው መኪና አራቱም ጎማው እየተነዳ በደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ፣ ዘንጎቹና ማርሾቹ እርስ በርሳቸው ይታገላሉና።

ሦስተኛው ወገን በመደበኛው ሁለት ጎማ እየተነዳ፣ ሲያስፈልግ ሌላውን ሁለት በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ፍሪሲዮን የሚጨምር ነው። በአንዳንድ አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው የሱባሩ መኪናዎች ላይ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ የፊውዝ ቦታ አለ፤ በዚያ ፊውዝ ሲገባ ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ይለቃል፤ መኪናውም በፊት ጎማ ብቻ ይነዳል። ይህ ብልሃት ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ሙሉ ጕልበት በሚሰጥበት ሰዓት በአንዲት ፊውዝ ብቻ መታመን አይገባም። ፍሪሲዮኑ በደንብ ሳይለቅ ቢቀር የኋላ ጎማዎች መኪናውን ከከበሮው ላይ ይገፉታል። ስለዚህ የኋላውን ዘንግ ጨምሮ ማውጣት የበለጠ ያስተማምናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መኪናው በደልዳላ ወለል ላይ ይቆማል፤ በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጠንካራ መቆሚያ ይደገፋል፤ በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ማንም ከሥሩ አይገባም። ዘንጉ ከመፈታቱ በፊት ዘንጉና የሚታሰርበት ቦታ በቀለም አንድ ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል። ዘንጉ ሲሠራ ሚዛኑ ተጠብቆ ስለ ሆነ፣ ተገላብጦ ቢታሰር በፍጥነት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ክሮቼራውንም ይጎዳል። ብሎኖቹ ተፈትተው በአንድ ዕቃ ይቀመጣሉ። በአንዳንድ መኪናዎች ዘንጉ ተስቦ ከካምቢዮው ውስጥ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ዘንጉ ሲወጣ ዘይቱ በቀዳዳው ይፈሳል። ስለዚህ ቀዳዳው በልኩ በተሠራ መክደኛ ይዘጋል፤ የፈሰሰውም ዘይት ተለክቶ ይተካል። ዘይት የጐደለው ካምቢዮ በዳይኖ ላይ ብዙ አይቈይም።

ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ ነገር አለ። የዛሬው መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ፍጥነት የሚቈጥር መሣሪያ አለው። ሁለቱ ጎማዎች በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ሲዞሩ ሁለቱ ቆመው ሲያይ፣ የመኪናው ኮምፒዩተር ጎማ እየተንሸራተተ ነው ብሎ ያስባል፤ ነዳጁን ይቀንሳል ወይም ፍሬን ይይዛል። ይህ የሆነ እንደ ሆነ የሚወጣው ቍጥር የሞተሩ ጕልበት ሳይሆን ኮምፒዩተሩ የፈቀደው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የመንሸራተት መከላከያው በፋብሪካው መመሪያ መሠረት መዘጋት አለበት።

መኪናው በከበሮው ላይ ከወጣ በኋላ ከፊትና ከኋላ በጠንካራ ማሰሪያ ይታሰራል፤ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች በሽብልቅ ይደገፋሉ። በከበሮው ላይ የሚዞሩት የፊት ጎማዎች የሆኑ እንደ ሆነ መሪው ቀጥ ብሎ እንዲቈይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መኪናው ቆሞ ስለሚሠራ የመንገድ ነፋስ የለም፤ በራዲያተሩ ፊት ትልቅ ማራገቢያ ይቆማል። ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ስላለበት በቱቦ ወደ ውጭ ይወሰዳል። በመኪናው ፊትም ሆነ ኋላ ማንም ሰው አይቆምም። ነጂው ነዳጅ ቀስ በቀስ ይሰጣል እንጂ ፍሪሲዮኑን በድንገት አይለቅም። ምክንያቱም ለአራት ጎማ ይከፋፈል የነበረው ኀይል አሁን በሁለት ጎማ ብቻ ያልፋል፤ በእኩል ይካፈል የነበረ ከሆነ በአንዱ ዲፈረንሻልና በጎማ ዘንጎቹ ላይ የሚወርደው ሸክም እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በደንብ ተሠርቶ ቍጥሩ በወረቀት ላይ ወጣ እንበል። አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ይህ ቍጥር የማን ቍጥር ነው? ሞተሩ የሰጠው ጕልበት ጎማ እስኪደርስ ድረስ በካምቢዮ፣ በዲፈረንሻል፣ በኩሽኔታና በጎማው ራሱ ከፊሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። መኪናው በሁለት ጎማ ሲለወጥ ግን የጠፋው መንገድ ከፊሉ ከመኪናው ላይ ወርዷል፤ የወጣው ዘንግ አይዞርም፤ የወጣው ወገን ዲፈረንሻል ዘይቱን አይቀዝፍም። ስለዚህ በዳይኖው ላይ የተመዘነው መኪና በመንገድ ላይ የሚሄደው መኪና አይደለም። ይህን ቍጥር ወስዶ በአራት ጎማ ዳይኖ ከተመዘነ መኪና ቍጥር ጋር ማወዳደር፣ ጆንያው የወለቀለትን እህል ከነጆንያው ከተመዘነው ጋር እንደ ማወዳደር ይቈጠራል። ታዲያ ምዘናው ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። አንድ መኪና በአንድ ዳይኖ ላይ፣ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ዓይነት አዘገጃጀት ከጥገናው በፊትና በኋላ ቢመዘን፣ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ጥገናው ምን እንዳመጣ በእውነት ይናገራል።

ሌላም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚያስፈልግ ነገር አለ፤ እርሱም አየሩ ነው። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው በአየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ጤነኛ የቤንዚን ሞተር እዚህ ሲመዘን ከፋብሪካው ቍጥር ከ100 እጅ ከ20 እስከ 25 የሚሆነውን ያጣል። ይህን የማያውቅ ሰው በወረቀቱ ላይ ያለውን ቍጥር ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ «ሞተሩ አርጅቷል፣ ይፈታ» ይላል፤ ባለቤቱም ያለ በሽታ ለሐኪም ይከፍላል። የዳይኖው ኮምፒዩተር ቍጥሩን ወደ ባሕር ወለል የሚመልስበት የሒሳብ ማስተካከያ አለው፤ ነገር ግን ይህ ማስተካከያ በይበልጥ የሚስማማው ተርቦ ለሌለው ሞተር ነው። ተርቦ ያለው ሞተር የሳሳውን አየር ራሱ ጨምቆ ከፊሉን ስለሚተካ፣ በዚያው ማስተካከያ ቢባዛ የሌለውን ጕልበት አለው ያሰኛል። አንዱ ስሕተት ጤነኛውን ያስፈታል፤ ሌላው ደካማውን ያስገዛል።

ስለዚህ እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ምዘናን እውነተኛ የሚያደርገው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ከቍጥሩ ጋር የሚጻፈው ቃል ነው። ከዳይኖ የሚወጣ እያንዳንዱ ወረቀት ሦስት ነገር ሊጻፍበት ይገባል። አንደኛ፣ ከመኪናው ላይ ምን እንደ ወጣና ምን እንደ ተቈለፈ፤ ሁለተኛ፣ በምን ዓይነት ዳይኖና በስንተኛ ማርሽ እንደ ተመዘነ፤ ሦስተኛ፣ የአየሩ ግፊትና ሙቀት ስንት እንደ ነበረና ቍጥሩ የተስተካከለ ወይም ያልተስተካከለ መሆኑ። እነዚህ የሌሉበት ቍጥር፣ ምንም እንኳ በኮምፒዩተር ቢታተም፣ ምስክር የሌለው ውል ነው። እናንተም ወላጆቻችን መኪና ስትገዙ ወይም ስታስጠግኑ እንዲህ ያለ ወረቀት የቀረበላችሁ እንደ ሆነ፣ ቍጥሩን ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን ጠይቁ።

ሥራው በዚህ አያልቅም። ዘንጉ በቀለሙ ምልክት መሠረት ይመለሳል፤ ብሎኖቹ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ይጠብቃሉ፤ ቍልፉ ይከፈታል፤ የወጣው ፊውዝ ወይም የገባው ፊውዝ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ዘይቱ ይታያል፤ የመንሸራተት መከላከያው መሥራቱ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ መኪናው በዝግታ መንገድ ላይ ተሞክሮ ለባለቤቱ ይሰጣል። ያወጣውን ዕቃ ሁሉ በቦታው የመለሰ፣ የመዘነውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ የጻፈ መካኒክ፣ እጁ በዘይት ቢጠቍርም ሥራው ንጹሕ ነው።

የትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ» ያሉት አባቶቻችን ልብስ ሰፊውን ብቻ አልመከሩም። ነገ አንዳችን በጋራዥ፣ አንዳችን በመሥሪያ ቤት፣ አንዳችን በሐኪም ቤት እንውላለን፤ ሁላችንም በየቦታችን ሰው የሚያምነውን አንድ ቍጥር እንጽፋለን። ከቍጥሩ ጐን እንዴት እንደ ተገኘ መጻፍን ከዛሬ ጀምረን እንልመድ።